ጣውንቷን ማቀዝቀዝ

ሊፍቴ ሚስቱ ጥላው የሄደችው በሙቀቱ ምክንያት ነው ብሎ ያምናል። ቢያምን አይፈረድበትም፤ በገዛ አፏ ነው የነገረችው። ከመጨረሻው ጉዟቸው የተመለሱ ዕለት ከቫኗ ወረደች፣ በላብ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈውን ቀሚሷን አላቀቀች፣ «እኔ ይሄን ሙቀት አልችለውም፤ ትንሽ እህቴ ጋ ልቆይ» አለች፣ በማግስቱ ልብሷን ሸክፋ በአውቶቡስ እብስ አለች። «ትንሽ» የተባለው ነገር ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ፣ በኋላም ጎረቤት ሲጠይቀው «ልትመጣ ነው» እያለ የሚያልፈው ነገር ሆነ።

እንግዲህ ስለ ሰውየው ትንሽ ልንገራችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሊፍት» ይለዋል፣ ሚስቱ ደግሞ ስታቆላምጠው «ሊፍቴ»፤ እኛም በእሷ አጠራር እንሂድ። የሊፍት ሠራተኛ ሥራው በጆሮ ነው። የትኛው ጎማ እንዳለቀ፣ የትኛው ገመድ እንደላላ ጨለማው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ በድምፅ ይለያል። ስለዚህ ሰው እያወራው አንዳች ነገር ሲጥ ካለ አመልካች ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያነሳል፤ ዝም በሉ ማለቱ ነው። ያ ጣት በሥራ ቦታ የስንቱን ነፍስ አትርፏል። ችግሩ ጣቱ ጡረታ አልወጣም። ቤት ውስጥ ፍሪጁ ሲያጉረመርም፣ ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣ በሩ ሲያቃስት ብድግ ይላል። ሚስቱ የጀመረችውን ወሬ አፏ ላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች። ጣቱ ሲወርድ ስለ ድምፁ ይነግራታል እንጂ «ምን እያልሽ ነበር?» ብሎ አያውቅም። ክፋት አይደለም፣ ልማድ ነው። አንዳንዴ ግን ልማድ ከክፋት አይሻልም።

ቫኗን የገዙት እሱ ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው። ካምፐር ይሏታል፤ ቤትም ናት፣ መኪናም ናት፣ በደንብ ግን አንዱንም አይደለችም። ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ አልጋ፣ መሃል ላይ ትንሽ የጋዝ ምድጃና የሚታጠፍ ጠረጴዛ። ከእነሱ በፊት ስንት እጅ እንደቀያየረች ፈጣሪ ይወቀው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ስለሆነች የፍራሹን ልብስ፣ የወንበሮቹን ሽፋን፣ የመስኮቶቹን መጋረጃ ሁሉ በእጇ ሠራች። ሐሳባቸው እየዞሩ አገር አይተው መጨረሻ ላይ ባሕሩ ጋ መድረስ ነበር። ሁለቱም ባሕር አይተው አያውቁም። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኘው ነበር፤ ውሃውና ሰማዩ የሚገናኙበትን መስመር በዓይኗ ማየት ነው የምትፈልገው።

ታዲያ ሰውየው ቫኗ ግቢ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ቀልቡ እዚያው ቀረ። ጠዋት ተነስቶ ያያታል፣ ከምሳ በኋላ ከሥሯ ይተኛል፣ ሲመሽ ባትሪ ይዞ ይዞራታል። ሚስቱ «ጣውንቴ» ብላ ስም አወጣችላት። ቁርስ ላይ «ጣውንቴ ደህና አደረች?» ትለዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ በስተርጅና ሁለተኛ አገባብኝ» ብላ ትከሳለች። እንግዳው ይስቃል፣ ሊፍቴም ይስቃል። እሷም ትስቅ ነበር፣ መጀመሪያ አካባቢ።

የቫኗ ችግር ማቀዝቀዣዋ፣ ኤሲዋ ነው። ሞተሯ ደህና፣ ጎማዋ ደህና፣ ኤሲዋ ግን የምትተነፍሰው ለብ ያለ ነገር ነው፤ የታመመ ሰው ትንፋሽ በሉት። ረጅም መንገድ ላይ ጣሪያው ይግላል፣ የፊት መስታወቱ ፀሐይዋን ጠራርጎ ያስገባል፣ ከኋላ ያለው አልጋ ሙቀቱን አቅፎ ይዞ ወደ ፊት ይልካል። እሱ መሪውን ይዞ፣ እሷ በቀኙ ተቀምጣ ለሰዓታት ይሄዳሉ። እሷ ወሬ ትጀምራለች፣ ሞተሩ ሲጥ ይላል፣ ጣቱ ይነሳል። ኋላ ኋላ ወሬ መጀመሯንም ተወችው። ሊፍቴ ይሄንንም ከሙቀቱ ጋር ደመረው፤ ሰው ሲሞቀው ወሬ አያምረውም ብሎ።

ስለዚህ ሚስቱ ስትሄድ አዘነ እንጂ ግራ አልገባውም። ብልሽቱ ተነግሮታል፣ የቀረው መጠገን ነው። ደወለላት። ቫኗን በረዶ ቤት አስመስሎ፣ በጋው ሳይወጣ መጥቶ እንደሚወስዳት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ባሕሩ እንደሚሄዱ አፉን ሞልቶ ነገራት። እሷም «እሺ፤ እስቲ እናያለን» አለች። ሊፍቴ «እሺ»ዋን ወሰደ፣ «እስቲ እናያለን»ን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሚስቱን የሚመልስለት ያ ኤሲ ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ።

ቤቱ እንዴት እንደሆነማ አትጠይቁኝ። እንቁላል ጠብሶ ከመጥበሻው ላይ ቆሞ ይበላል፤ ለአንድ ሰው ብሎ ሳህን ማቆሸሽ ሞኝነት ነው ይላል፣ የሚሰማው ባይኖርም። የእሷ የስፌት መኪና ልብሱን ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንድ ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ፔዳሉን በእግሩ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። ሰው ያለ ይምሰል ብሎ ሬድዮ ይከፍታል። ቧንቧው ጠብ ሲል ጣቱ ለሬድዮኑ ይነሳል፤ ሬድዮ ደግሞ እፍረት አያውቅ፣ ወሬውን ይቀጥላል። ብቸኝነት የሚሉት ነገር ልጅ ሳይወልዱ ሲቀሩ አልነካውም፣ ጡረታ ሲወጣም አልነካውም። አሁን ግን ነካው።

ቫኗን መጀመሪያ የወሰዳት ጋራዥ ነው። እዚያ የኤሲ ጋዝ የሚሞላው ለፍላፊ ሰው ነው፤ መለኪያውን አገናኝቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ስለ ዓለም ሁሉ ካወራ በኋላ ጋዙም ልክ ነው፣ ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰርም ደህና ነው አለው። «ጋሼ፣ ይቺ ብርድ መሥራቱን ትሠራለች፤ የሠራችውን የሚበላባት ነገር አለ። እሱን ይፈልጉ።» ሊፍቴ ይሄን ሲሰማ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የሚፈለግ ነገር ካለማ እሱ አለ።

ፈለገ። ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው መረብ፣ ኮንደንሰር የሚሉት፣ በአቧራና በሞቱ ነፍሳት ታፍኗል፤ ቀጫጭን ቆርቆሮዎቹም ተጣመው ተኝተዋል። በቀስታ በሚወርድ ውሃ አጠበው። የተኙትን ለማቃናት ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ማበጠሪያ አስፈለገውና የሚስቱን ከመስታወቱ ሥር አነሳ። አንድ ቀን ሙሉ የቫኗን ፀጉር ሲያበጥር ዋለ። ማታ ደውሎ ይሄንኑ ሲነግራት በየትኛው ማበጠሪያ ብላ ጠየቀችው። በቢጫው አላት። «እሱማ የጣውንቴ ሆኗል በለኛ» አለችና ትንሽ ሳቀች። ሊፍቴ ያችን ሳቅ ይዞ ተኛ።

ከዚያ የነፋስ መውጫዎቹን ያዘ። መሃል ላይ ካሉት አንዱ፣ ወደ ሚስቱ ወንበር የሚያየው፣ ጭራሽ አይተነፍስም። ፍርግርጉን ነቅሎ ጣቱን ሲያስገባ ጨርቅ ነካ። ጎትቶ አወጣው። ከመጋረጃው የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ጠርዙ ተዘምዝሞ፣ በልኩ ተጠቅልሎ የተወተፈ። እንዲህ ያለ ስፌት የሚሰፋ በዚያ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው። ሊፍቴ ጨርቁን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ሞቀኝ የምትል ሴት የገዛ ነፋሷን በጨርቅ ትወትፋለች?

ማታ እየሳቀ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። «ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኝ ነበር» አለችው፣ ቀስ ብላ። አሁን እዚህ ጋ ልብ በሉ። እኔም ብሆን፣ እናንተም ብትሆኑ፣ ዓይንሽን ምን ሆንሽ እንላለን። ሊፍቴ ግን ታዲያ ለምን ቀድመሽ አትነግሪኝም፣ ነፋሱን ወደ ላይ የሚመልስ ነገር እሠራለታለሁ አላት። እሷም እራት በልተህ ተኛ ብላው ዘጋች።

ያለውን ሠራ። ከቀጭን ፕላስቲክ ቆርጦ፣ እንዳይቆርጣት ጠርዙን አለስልሶ፣ ነፋሱ ፊቷን ዘሎ በአናቷ ላይ እንዲያልፍ አድርጎ። ልኩን ለማየት በእሷ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይታያችሁ፣ ቫኗን ከገዛ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ከዚያ ሆኖ ሲያይ የሹፌሩ ቦታ ሩቅ ነው፤ ሹፌር ቢኖር ኖሮ የሚታየው ጎኑ ብቻ ነበር፣ አንድ ጆሮና አንድ ጉንጭ። ቀትር ላይ ግቢው ጭር ብሏል፣ በጎረቤት በኩል አንድ ሰው ሕፃን እያባበለ ነው። ሊፍቴ ፕላስቲኩ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት ወስኖ ወረደ።

ቀጥሎ የማሞቂያውን ጉድ አገኘ። ወደ ማሞቂያው የሚሄደው የሞተር ውሃ ማሞቂያው ሲዘጋ መቆም ነበረበት፤ የቫኗ መዝጊያ ግን አርጅቶ፣ ተዘግቷል እየተባለ ያሳልፋል። ቱቦዎቹን በእጁ ቢነካቸው ሁለቱም እሳት ናቸው። ዳሽቦርዱ ውስጥ ማቀዝቀዣውና ማሞቂያው ጎን ለጎን ሆነው አንዱ የሠራውን ሌላው ሲያፈርስ ነው የኖሩት፤ ሹፌሩ ደግሞ ኤሲዋ ደከመች ይላል። የእጅ መዝጊያ ገዝቶ ቱቦው መሃል አስገባና ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የምሥራቹን ሊናገር ሲደውል ስልኩን ያነሱት የሚስቱ ታላቅ እህት ናቸው። ተኝታለች፣ ዛሬ አታነጋግራትም፣ ትረፍ አሉት። እሱም «እሺ እትዬ፤ ስትነሳ የማሞቂያው ቧንቧ ተዘጋ ይበሉልኝ» አላቸው። እትዬ «የማሞቂያው ቧንቧ?» ብለው ደገሙት። እነግራታለሁ ብለው ዘጉት። ሊፍቴ ሴትየዋ ስለ ማሞቂያ ብዙም እንዳልገባቸው ገመተ።

በሚቀጥሉት ቀናትም ደወለ። አሁን ሚስቱ ራሷ ታነሳለች፤ ድምፏ ትንሽ ደከም ያለ ነው፣ እሱ ግን የቴሌፎኑ መስመር ነው አለ። እሱ ይተርካል፣ እሷ «እህ» ትላለች። ከውጭ አየር የሚያስገባው ክዳን ተጣብቆ ኖሮ ኤሲዋ የቀዘቀዘውን አየር መልሳ በመሳብ ፈንታ የመንገዱን ትኩሳት ስትጠጣ እንደኖረች ነገራት። አንድ ማታ በመሃል ገብታ ምን እየበላህ ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም ጥሩ ፎይል አግኝቻለሁ አላት።

በፎይሉ ጣሪያውን ሠራ። የውስጥ ሽፋኑን አውልቆ ፎይል የተለጠፈበት ስፖንጅ ወተፈበት። ሲቆሙ የፊት መስታወቱን የሚጋርድ የሚያብረቀርቅ ሽፋንም ቆረጠ። የቀረው መጋረጃ ነበር፤ ከፊት ወንበሮች ጀርባ የሚወርድ ወፍራም መጋረጃ፣ በጉዞ ላይ ኤሲዋ ቤቱን ሙሉ ከማቀዝቀዝ የተቀመጡበትን ብቻ እንድታቀዘቅዝ። ለዚህ ልብስ ሰፊ ያስፈልጋል፣ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ የለችም። ሌላ ሰፊ ዘንድ መውሰድ ክህደት መሰለውና በእጁ ሰፋው። መርፌው ላይ ክር ማስገባት አላስቸገረውም፤ ሚስቱ ከመሄዷ በፊት «እስቲ ክር አስገባልኝ» ማለት አብዝታ ስለነበር እጁ ለምዷል። ስፌቱ ግን መንገድ የጠፋበት ሰው የሄደበት ይመስላል።

በአንድ ቀትር ሞተሩን አስነስቶ ቴርሞሜትሩን የነፋስ መውጫው ላይ ሰካ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ የክንዱ ፀጉር ቆመ። ከደስታ ይሁን ከብርድ እሱም አላወቀም። ወደ ቀኙ ዞር ብሎ «አየሽ?» አለ። ያየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ተላጭቶ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ መንገድ ጀመረ። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ውጭ አስፋልቱ ይንቀለቀላል፣ ውስጥ እሱ ኮት ለብሶ ይነዳል። የሚያልፉት ሹፌሮች መስኮታቸውን ከፍተው፣ ክንዳቸውን አውጥተው፣ በላብ ተጠምቀው በመገረም ያዩታል። ይሄን የሚነግረው ሰው ቢኖር እንዴት ይስቁ ነበር። ለብቻ መቀዝቀዝ እንዴት እንደሚያስጠላ ያን ቀን ገባው። በየመሃሉ ኤሲዋን አጥፍቶ መስኮት ይከፍታል፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ብርዱ ለእሷ ሳይደርስ የሚያልቅ ይመስል መልሶ ይዘጋዋል።

የእህትየዋ ቤት ጠባብ መንገድ ዳር ያለ፣ ጥቂት ደረጃ የሚወጣበት ቤት ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አላጠፋም፤ ሚስቱ ስትገባ ቀዝቅዛ እንድትጠብቃት ነው። በሩን እትዬ ከፈቱ። ሰላምታውን ተቀበሉት እንጂ ግባ አላሉትም፤ ወደ ውስጥ ተጣሩ። ሚስቱ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወጣች። ፀሐዩን ነው አለ በልቡ። ትንሽ ከስታለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች። ሊያቅፋት ፈልጎ ነበር፣ እጁ ግን የቫኗን በር ከፈተ።

ገብታ ተቀመጠች። በሩን ዘግቶላት ዞሮ በራሱ በኩል ገባና ከኮንደንሰሩ እስከ ጣሪያው አንድ ሳያስቀር ተረከላት። መዝጊያውን አሳያት፣ ፕላስቲኩን አሳያት፣ ቴርሞሜትሩን አስነበባት። እሷ መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጆቿን አጣጥፋ ታዳምጣለች። በመጨረሻ «በረደኝ» አለች። ሊፍቴ በዚያ በጋ ከሰማው ቃል ሁሉ እንደዚህ የጣመው የለም። ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። አሁን ምን ቀረ፣ ሻንጣዋን ማምጣት ነው አለ በሆዱ።

እሷ ዞር ብላ መጋረጃውን አየችው።

«አንተ ነህ የሰፋኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታች ጠርዙ ላይ ጠሟል። እዚያ ጥጉ ጋ ደግሞ ክሩ ዘሏል።»

ሊፍቴ ሳቀ። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ነው፤ እሱ ራሱ አጎንብሶ ካልተጠጋ አይታየውም። ያለ መነጽር፣ ከዚህ ሆነሽ እንዴት አየሽው አላት።

«ከታከምኩ ወዲህ ይታየኛል» አለችው።

«ምን ታከምሽ?»

«ዓይኔን። ሞራ ጋርዶኝ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና አወጡልኝ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። መቼ ብሎ ጠየቃት። የማሞቂያው ቧንቧ ተዘጋ ብለህ የላክህ ቀን አለችው። ዓይኗ ታሽጎ ተኝታ ሳለ እህቷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «የማሞቂያው ቧንቧ ተዘጋ ይልሻል» እንዳሏት፣ ሁለቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው እንደሳቁ፣ ከዚያ ማልቀስ አምሯት ሐኪሙ ዓይንሽን እንዳታሺ ስላላት እንደምንም ውጣ እንደቻለችው ነገረችው። ስትናገር ቁጣ የለባትም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ስንቴ ጀመርኩልህ። ክር አስገባልኝ አልኩህ፣ አስገባህልኝ። ነፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል አልኩህ፣ ይሄን ሠራህልኝ።» ፕላስቲኩን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ቆንጆ አድርገህ ነው የሠራኸው፣ አልዋሽም።»

እሷም ከተጀመረ አይቀር ብላ ይመስላል ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀን ትነግረው ጀመር። በጋሪ አልጋ እየገፉ ሲወስዷት የጣሪያው መብራቶች በላይዋ ላይ እየተንሸራተቱ ሲያልፉ እንደነበር፣ ዓይኔ ጭራሽ ቢጠፋስ ብላ እንደፈራች፣ የነርሷን እጅ አልለቅም ብላ እንደያዘች፣ ያ እጅ የእሱ በሆነ ብላ እንደተመኘች። ድምፏ ለስልሷል። ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ እሱ አዙራለች፤ እንደዚያ ካየችው ስንት ዘመኗ።

«እና ሐኪሙ አጎንብሶ፣ አሁን እንዳትንቀሳቀሺ ሲለኝ፣ እኔ በልቤ...»

ከሞተሩ በኩል ኮምፕሬሰሩ ጠቅ አለ።

ጣቱ ተነሳ።

እሱ አይደለም ያነሳው፤ ብትፈልጉ እምላለሁ፣ ጣቱ በራሱ ጊዜ ነው የተነሳው። ሊፍቴ የገዛ ጣቱን የሰው ጣት ይመስል አየውና በሌላው እጁ ይዞ አወረደው። «ቀጥዪ» አላት። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ብሏት አያውቅም። «ቀጥዪ እባክሽ። በልብሽ ምን አልሽ?»

አልቀጠለችም። ኮቱን ከትከሻዋ ላይ አውርዳ፣ በወጉ አጥፋ መሃላቸው አስቀመጠችው። መነጽሯን አደረገች።

«ሙቀቱ ቢሆን ኖሮ እመጣ ነበር» አለችው።

ወረደች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ገባች። ሊፍቴ ብቻውን ቀረ። ኤሲዋ አንድ እንከን ሳይገኝባት ትሠራለች። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገባ፤ ኮቱን ግን ሊነካው አልደፈረም። ጠቅ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ኮምፕሬሰር በበቂ ሲያቀዘቅዝ ያርፋል፣ ሲያርፍ ጠቅ ይላል። ጤነኛ ድምፅ ነው። ሚስቱን ያስቆማት ለጤነኛ ድምፅ ነው። ይሄን ሲያስብ ቅስሙ ስብር አለ። ሽማግሌ ሰው ነው፣ መንገደኛ ያየኛል አላለም፣ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ።

ሲወጣለት ሞተሩን አጠፋ። ያ ሁሉ ፎይልና ስፖንጅ እያለ ሙቀቱ ቀስ በቀስ መግባት ጀመረ፣ ሊከላከለው አልሞከረም። ምን ብዬ ልመልሳት ብሎ አሰበ። ይቅርታ ሊላት ነበር፤ ይቅርታው ራሱ ደግሞ ስለ እሱ እንጂ ስለ እሷ የሚያወራ አልመስል አለው። ስለ እሷ የማያውቀውን ማሰብ ጀመረ፣ ማለቂያ የለውም። ከዚያ ውስጥ አንዷን ያዘ። ትንሽ ነገር ናት፤ እትዬ ያውቋታል፣ ሐኪሙ ያውቃታል፣ ነርሷም ታውቃታለች፣ እሱ ብቻ ነው የማያውቃት። ወርዶ በሩን አንኳኳ።

ራሷ ከፈተች። መነጽሩን አውልቃዋለች።

«የትኛው ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«ዓይንሽ። የታከምሽው የትኛው ነው?»

እሱ አንዱን ዓይኗን ያያል፣ ሌላውን ያያል፣ ምልክት ይፈልጋል። ምልክት አልነበረም፤ ሁለቱም ጥርት ብለዋል።

«የግራው» አለችው። «ስትነዳ ባንተ በኩል የነበረው።»

ሳይመሽብህ ሂድ፣ መንገዱ ረጅም ነው አለችውና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።